ከእንጨት ዕቃ ላይ የውሃና የሙቀት ምልክት ማስለቀቅ

ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ ስኒው ሲነሣ፣ ጀበናው ካረፈበት ቦታ ላይ ነጭ ክብ ቀርቶ ይገኛል። ትኩስ ድስት፣ የዕጣን ማጨሻ፣ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስም እንዲሁ በእንጨት ላይ ምልክት ጥለው ይሄዳሉ። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ በድስት ማጠቢያ ሽቦ ይፈትገዋል፣ ወይ ዳንቴል ያለብሰዋል። ፍትጊያው ቫርኒሹን ገፍፎ ትንሹን ችግር ትልቅ ያደርገዋል፤ ዳንቴሉም ይደብቀዋል እንጂ አያስለቅቀውም።

ነጩ ምልክት ግን በአብዛኛው ቤት ውስጥ ባሉ ነገሮች ይለቃል። የሚፈልገው ትዕግሥትና ቅደም ተከተል ነው፤ ከቀላሉ ዘዴ ተነሥተው ወደ ጠንካራው ይሄዳሉ፣ ምልክቱ በጠፋበት ደረጃ ላይ ያቆማሉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ «ይዝለሉ» ወይም «ይለፉ» ካልተባሉ በስተቀር እየዘለሉ አይሂዱ።

1. ምልክቱን በቀለሙ ይለዩት

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ውሃው የት ድረስ እንደገባ ይናገራል።

ነጭ ወይም ጉም የመሰለ ከሆነ እንጨቱ ደህና ነው። እርጥበቱ ያለው ከላይ በተቀባው ቫርኒሽ ውስጥ ነው። ሙቀት ቫርኒሹን ሲያለሰልሰው እንፋሎት ሰርጎ ይገባል፤ ዕቃው ተነሥቶ ቫርኒሹ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ይቀራል። ብርሃን በዚያ ላይ ሲያርፍ ስለሚበታተን ነጭ ሆኖ ይታያል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን በቆዩ ዕቃዎች ላይ የሚገኘውን ሽላክ የተባለ ልባስ ለማለስለስ ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ የከፋው እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ ትኩስ ድስት ማሳረፍ ነው። ጨርቁ ጠረጴዛውን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን በጨርቁ ውስጥ ያለውን ውሃ እንፋሎት አድርጎ ወደ ቫርኒሹ ይገፋዋል።

ምልክቱ ጥቁር ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ከሆነ ውሃው ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ግራርና ባሕር ዛፍን ጨምሮ ብዙ እንጨቶች ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ታኒን እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ቆርቆሮ የአበባ ማስቀመጫ በቆየበት ቦታ፣ በዛገ ትሪ ሥር፣ በሚስማር ዙሪያ የሚታየው ጥቁረት ይኸው ነው። ይህን ከላይ በማሸት ማስለቀቅ አይቻልም፤ ወደ ደረጃ 9 ይለፉ።

ቡናማ ወይም ከሰል መሳይ ሆኖ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር፣ ያበጠ ወይም የጎደጎደ ከሆነ ደግሞ ቃጠሎ ነው። የእሱ ነገር በደረጃ 10 ይገኛል።

ከተጠራጠሩ ጣትዎን በትንሽ ዘይት ነክተው ምልክቱን ይቀቡት። ነጩ ለጊዜው ከደበዘዘ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፤ የማስለቀቅ ዕድልዎ ጥሩ ነው። ከዚያ ዘይቱን በደንብ ይጥረጉት።

2. ዕቃው ከምን እንደተሠራና ምን እንደተቀባ ይወቁ

የዋንዛ ጠረጴዛና ፎርማይካ የለበሰ ቺፑድ ከላይ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ጎንበስ ብለው ጠርዙንና ሥሩን ይመልከቱ። ከላይ የሚታየው የእንጨት መስመር በጠርዙ በኩል ከቀጠለ ወጥ እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ ጥብጣብ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ደግሞ የተጨፈለቀ የእንጨት ፍርፋሪ ከታየ ቺፑድ ነው። ፎርማይካ ከሆነ ይህ መመሪያ አያገለግልዎትም፤ ቫርኒሽ ስለሌለው የሚወጣ እርጥበትም የለውም። ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፑድም በምንም ዘዴ ወደ ቦታው አይመለስም። በኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ስስ እንጨት ከሆነ ይጠንቀቁ፤ ልጣፉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቶሎ ይበሳዋል፣ ብዙ ሙቀትም ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል።

ቀጥሎ ቫርኒሹን ይፈትኑ። ከጠረጴዛው እግር በውስጥ በኩል፣ ዓይን በማያየው ነገር ግን በተቀባ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል ያኑሩ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተው በጣትዎ ይንኩት። ከተጣበቀ ሽላክ ነው፤ አልኮል ስለሚያሟሟው ደረጃ 6ን ይዝለሉ። አልኮል ሳያሟሟው ቲነር ካለሰለሰው ላከር ነው። ሁለቱም ካልነኩት በዘመኑ የሚቀባው ጠንካራ ቫርኒሽ ነው ማለት ነው፤ ይህ ውሃ በቀላሉ አያስገባም፣ አንዴ ከገባ ግን ማስወጣቱም ያስቸግራል። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የቀረውን ሥራ ግን ከግምት ያድንዎታል።

3. ያጽዱ፣ ከዚያ ይጠብቁ

በሞቀ ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገው፣ ጨርቁን አጥብቀው ጨምቀው ገጹን ይጥረጉ፤ ወዲያውኑም በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። ሳያጸዱ ከጀመሩ፣ በኋላ ሲያሹት አቧራው ራሱ ይቧጭረዋል።

ምልክቱ የዛሬ ወይም የትናንት ከሆነ ሌላ ምንም አያድርጉ። ዳንቴሉንም ላስቲኩንም አንሥተው፣ መስኮት ከፍተው አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። ቀላል ምልክት በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በክረምት አየሩ እርጥበት ስላለው ጥቂት ቀን ይጨምሩለት። ጠረጴዛውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ፀሐይ የእንጨቱን ቀለም ትቀይረዋለች፣ በአንድ በኩል ብቻ በፍጥነት ሲደርቅም ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

4. በደረቅ ሙቀት ያስወጡት

ምልክቱን ያመጣው ሙቀት ሆኖ ሳለ ሙቀት ያስለቅቀዋል መባሉ ግር ሊል ይችላል። ልዩነቱ እንፋሎቱ ላይ ነው። ደረቅና ለስላሳ ሙቀት ቫርኒሹን በጥቂቱ አላልቶ ለታሰረው እርጥበት መውጫ ይከፍትለታል።

የፀጉር ማድረቂያ ካለዎት ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ያድርጉት፤ ከእንጨቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ አንድ ቦታ ላይ ሳያቆሙ ምልክቱ ላይ ያመላልሱት። በየመሐሉ በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሞቅ ማለት አለበት እንጂ እጅ ማቃጠል የለበትም። ነጩ ከዳር ወደ መሐል እየሳሳ ሲሄድ ያዩታል። እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ለውጥ ካልታየ ይተዉት።

የፀጉር ማድረቂያ ከሌለ ካውያም ይሠራል፤ አደጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ውሃ ካለበት አፍስሰው ባዶውን፣ እንፋሎቱን ዘግተው፣ በመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት ይጠቀሙ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ያረጀ አንሶላ፣ ሁለት እጥፍ አድርገው ምልክቱ ላይ ያንጥፉ። ቀለም ያለው ጨርቅ ቀለሙን ይለቃል፣ ናይለንም ቀልጦ ይጣበቃል። ካውያውን ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ብቻ አሳርፈው ያንሡ፣ ጨርቁን ገልጠው ይዩ፣ ይድገሙ። «ትንሽ ልጨምርለት» ብሎ ማቆየት ነጩን ምልክት ወደ ቃጠሎ ይለውጠዋል። የከሰል ካውያ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም።

ዕቃው ሽላክ የተቀባ ከሆነ ካውያውን ይተዉትና በፀጉር ማድረቂያው ብቻ፣ ያውም ከሩቁ፣ ይሥሩ።

5. ቅባት ያሳድሩበት

ሙቀቱ ካልበቃው ማታ ላይ ምልክቱን ቫዝሊን ወፈር አድርገው ቀብተው ያሳድሩት። ማዮኔዝም ያው ነው፣ የሚሠራው ዘይቱ ነውና። ቅባቱ ቀስ ብሎ በቫርኒሹ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ይገባል፤ ክፍተቱ ሲሞላ ብርሃን መበታተኑን ያቆማል፣ ነጩም ይጠፋል። ጠዋት ላይ በለስላሳ ጨርቅ በደንብ ጠርገው፣ በክብ ሳይሆን እንጨቱ ላይ የሚታዩትን መስመሮች ተከትለው ያሹት። ከቀነሰ ግን ካልጠፋ አንድ ሌሊት ይድገሙት።

ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት ቀብቶ መተው ልማድ የሆነባቸው ቤቶች አሉ። አልመክርም። ሳይጠረግ የቀረ የምግብ ዘይት ይቆመጥጣል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፤ ከዓመት በኋላ ጠረጴዛው እጅ የሚይዝ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። ቫርኒሽ ባልተቀባ እንጨት ላይ ደግሞ ቫዝሊንም ቢሆን የራሱን የቅባት ምልክት ስለሚያስቀር አያስጠጉት።

6. አልኮል፣ በጥንቃቄ

ይህ ላከር ለተቀቡ ዕቃዎች ነው። አልኮል የላዩን ገጽ ለቅጽበት ያላላዋል፣ ሲተንም እርጥበቱን ይዞት ይወጣል። ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 70 በመቶ አልኮል የቀረው 30 በመቶው ውሃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፤ ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን ይፈልጉ።

ከመጀመርዎ በፊት ከሰሉን፣ ሻማውንና ዕጣኑን ከክፍሉ ያውጡ፣ መስኮቱን ይክፈቱ። የአልኮል ተን ይቀጣጠላል።

ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አጣጥፈው ጥቂት አልኮል ያስነኩት። ልኩን የሚያውቁት ጉንጭዎን ሲነኩት ቀዝቀዝ ብሎ እርጥበት ካልተወ ነው። ከዚያ ምልክቱን ጠበቅ ሳያደርጉ በፍጥነት አንዴ ያበሱት፣ እጅዎን ያንሡ። እስኪተን ይጠብቁና ይድገሙ። ጨርቁን አሳርፈው ማቆየት ወይም ወዲያና ወዲህ ማሸት ቫርኒሹን ይዞት ይመጣል። ገጹ መጣበቅ ከጀመረ ወዲያው ያቁሙና ምንም ሳይነኩት አንድ ቀን ያሳድሩት።

7. በለስላሳ ነገር ማሸት

እስካሁን ያለው ሁሉ ከቫርኒሹ ምንም አይቀንስም። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከላዩ ጥቂት ይልጣል፤ ስለዚህ የሚሠሩት ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው።

ነጭ የጥርስ ሳሙና፣ ጄል ያልሆነውን፣ ከእኩል ቤኪንግ ሶዳ ጋር ቀላቅለው በጣትዎ ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉት። የእንጨቱን መስመር ተከትለው፣ ጫን ሳይሉ ያሹ። በየ10 ሰከንዱ ጠርገው ይመልከቱ። ከዚህ የተሻለው ግን 0000 የሚል ቁጥር ያለው በጣም ቀጭኑ የሽቦ ጥጥ ነው፤ ሰም ወይም ጥቂት ዘይት አስነክተው ይጠቀሙበታል። ይህ ከኩሽናው ሽቦ ጋር አንድ አይደለም፤ የኩሽናው ሽቦ ቫርኒሹን ይጨረግደዋል።

የታሸው ቦታ ከዙሪያው ይልቅ ሊደበዝዝ ይችላል። ይህ ሲሆን ያንን ቦታ ብቻ ለማብራት አይታገሉ፤ ዓይን የሚይዘው ልዩነቱን ነው። የጠረጴዛውን ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያው የሽቦ ጥጥ ቀለል አድርገው ያስተካክሉትና ወደ ሰሙ ይለፉ።

8. ሰም ይቀቡ

የንብ ሰም ያለበት የእንጨት ማወልወያ ይግዙ። በትንሹ፣ በስሱ ቀብተው 15 ደቂቃ ያህል ያቆዩትና በንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉት። ሰሙን ቤት ውስጥ ከአኳራጅ ጋር እሳት ላይ ጥዶ ማቅለጥ በጣም አደገኛ ነው፤ ተኑ እሳት ይይዛል። የሚረጭ ማብሪያ ሲገዙም ሲሊኮን የሌለበትን ይምረጡ። ሲሊኮን ገጹ ላይ ከቀረ ወደፊት አዲስ ቫርኒሽ ሲቀባ ነጠብጣብ እያበጀ አልይዝም ይላል።

ሰም ውበት ይሰጣል፣ ቀላል የውሃ ፍንጣቂንም ይመልሳል። ከትኩስ ዕቃ ግን አይከላከልም፤ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል።

9. ጥቁሩ ምልክት

እዚህ ላይ ሥራው ከቤት ዘዴ ያልፋል። ጥቁረቱ ያለው እንጨቱ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ በላዩ ያለው ቫርኒሽ መነሣት አለበት፤ ከዚያ ኦክሳሊክ አሲድ በሚባል ኬሚካል ይታጠባል። ኦክሳሊክ አሲድ ብረትና ታኒን የፈጠሩትን ጥቁር ቀለም ይፈታዋል፣ የእንጨቱን የራሱን ቀለም ግን እምብዛም አይነካም።

በረኪና ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው። በረኪና የብረቱን ጥቁረት አያስለቅቅም፤ ይልቁንም በዙሪያው ያለውን ጤነኛ እንጨት ስለሚያነጣ ምልክቱ ጭራሽ ጎልቶ ይወጣል።

ኦክሳሊክ አሲድ መርዝ ነው። ራስዎ ለመሥራት ከወሰኑ የላስቲክ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ፣ በፕላስቲክ ወይም በብርጭቆ ዕቃ እንጂ በብረት ዕቃ አይበጥብጡት። ሁልጊዜ ዱቄቱን ወደ ውሃው ይጨምሩ። በምልክቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ገጽ ላይ ይቀቡት፣ አለዚያ ሌላ ክብ ይፈጠራል። ሲደርቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በተጨመቀ ጨርቅ ደጋግመው ያጥቡት። ሳይታጠብ ቀርቶ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ የሚነሣው አቧራ ጉሮሮንና ሳንባን ይጎዳል። እኔ በበኩሌ ውድ ለሆነ ወይም ከወላጅ ለተወረሰ ዕቃ ይህን ሥራ ልምድ ላለው እንጨት ሠሪ ቢሰጡት እመርጣለሁ።

10. ቃጠሎ

የተቃጠለው ቫርኒሹ ብቻ ከሆነ በደረጃ 7 ባለው የሽቦ ጥጥ ሊነሣ ይችላል። እንጨቱ ራሱ ከከሰለ፣ ከሰሉን በተሳለ ምላጭ ጎን ቀስ ብለው ይፋቁት፣ ጤነኛው እንጨት ሲታይ ያቁሙ። ጎድጓዳ ከቀረ ቀለሙ የሚመሳሰል ጠንካራ የእንጨት መሙያ ሰም ይጨምሩበት። የዕጣን ማጨሻ ያቃጠለው ሰፊ ክብ ከሆነ ግን መጠጋገኑን ይተዉት፤ ገጹ ሙሉ በሙሉ ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት።

ምልክቱ እንዳይመለስ

አዲስ ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ከሥሩ የገባ ውሃ አይተንም፣ ለቀናት ቫርኒሹ ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። ከዚህም በላይ ለስላሳው ላስቲክ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቅባት እየወጣ ቫርኒሹን ያለሰልሰዋል፤ ከጊዜ በኋላ ላስቲኩ ሲነሣ ቫርኒሹን ይዞ የሚላቀቀው ለዚህ ነው። መስተዋት ካለበት በየማዕዘኑ ትንንሽ ማረፊያ አድርገው አየር እንዲገባ ያድርጉ፣ ውሃ ሲፈስም መስተዋቱን አንሥተው ይጥረጉ። ለጀበናው ማቶት፣ ለድስቱ የሰፌድ ዓይነት ወፍራም ስፌት ወይም የእንጨት ማሳረፊያ ያስፈልጋል፤ ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል።

የዕቃዎቹን እግርም አይርሱ። በዓል ሲሆን እርጥብ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ በየቀኑም ወለሉ ይወለወላል፤ የቡፌና የሶፋ እግሮች ከታች ቫርኒሽ ስለሌላቸው ውሃውን እየጠጡ ይጠቁራሉ። ዕቃውን ገልብጠው የእግሮቹን ሥር ቫርኒሽ ይቀቡና የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ጫማ ያድርጉላቸው።

ሁሉም ሳይሆን ቀርቶ ገጹ በሙሉ እንዲቀባ ከወሰኑ፣ ሥራውን ከሐምሌና ነሐሴ ያሳልፉት። ላከር እርጥበት ባለው አየር ሲረጭ ያንኑ ሲሸሹት የነበረውን ነጭ ጉም ይዞ ይደርቃል። ለባለሙያው ከመስጠትዎ በፊትም ምን እንደሚቀባው፣ ሙቀት የሚችል መሆኑን፣ ስንት ጊዜ እንደሚደርብ ይጠይቁ። አዲስ ቫርኒሽ በአንድ ቀን ለእጅ ደረቅ ይሁን እንጂ ውስጡ እስኪጠና ሳምንታት ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን አንድ ወር ትኩስ ዕቃም ላስቲክም አያስቀምጡበት።